ዐፄ ቴዎድሮስና የጋፋት እቶን

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ በተነሣ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወሰው ጀግንነታቸውና በመቅደላ አምባ ላይ የፈጸሙት የመጨረሻ ውሳኔ ነው። ባለ ቲያትሩም፣ ሠዓሊውም፣ ልብ ወለድ ደራሲውም ዘወትር የሚያተኩረው ከዚያው ላይ ነው። እኛ ግን ዛሬ የንጉሠ ነገሥቱን ሕይወት በሌላ በር ገብተን ልንመለከተው አሰብን፤ ይኸውም በማዕድን ማቅለጫው በር ነው። ከምኞታቸውም ከድካማቸውም ብዙው የዋለው በእርሳስ፣ በመዳብና በቆርቆሮ ላይ ስለ ሆነ፣ የእነዚህን ሦስት ማዕድኖች ጠባይ ትቶ የእሳቸውን ታሪክ ማንበብ ግማሽ ንባብ ይመስለናል።

ቆርቆሮ ስንል አንባቢ የቤት ክዳን እንዳይመስለው ይሁን። የቤት ክዳኑ ዚንክ የለበሰ ብረት ነው። እኛ የምንናገርለት ከብር ጋር የሚመሳሰለው፣ ለስላሳው፣ ቀድሞ የመዳብ ድስት ውስጡ ይለበጥበት የነበረው ነጭ ማዕድን ነው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ሞቱባቸው። በገዳም ፊደል ቈጥረው፣ ከዚያም ቈላ ወርደው ሸፍተው፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መሳፍንቱ የሚፈሩአቸው የጦር አለቃ ሆኑ። ይህን ሁሉ ተማሪ የሆነ ሰው ያውቀዋልና አናስረዝመውም። ልናቆምበት የምንፈልገው ከ1840 ዓ.ም. ላይ ነው። በዚያ ዓመት ካሣ በምዕራቡ ጠረፍ ዳባርቂ በተባለው ስፍራ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠሙ። ፈረሰኛቸው እንደ ልማዱ በጋሻና በጦር ወደ ፊት ሮጠ። ከምሽግ ውስጥ የጠበቀው ግን በሥርዓት የተሰለፈ እግረኛና ሁለት መድፍ ነበረ። ብዙ ሰው አለቀ፤ ካሣም ተሸንፈው ተመለሱ።

ከዚያ ቀን በኋላ ያዩት ነገር ከልባቸው አልወጣም። ደጃዝማች ጎሹን፣ ራስ ዓሊን፣ ደጃዝማች ውቤን ተራ በተራ ድል አድርገው በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ፣ በአገር ውስጥ የሚቋቋማቸው አልነበረም ማለት ይቻላል። ሆኖም በዳባርቂ ያሸነፋቸው መድፍ እንደ ነበረ አልረሱም።

በዚያን ጊዜ የአገራችን ባለ ነፍጥ ጥይቱን ከመጋዘን ቈጥሮ የሚረከብ አልነበረም። ጠመንጃው በአፉ የሚጐርስ ነው። ባሩድ ይጨመርበታል፣ አረሩ ይከተላል፣ በዘንግ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያም ይተኰሳል። አረሩንም ያው ባለ ነፍጡ በቤቱ ምድጃ ዳር ያፈሰው ነበር። እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለ ሆነ ከሰልና ትንሽ ወናፍ ይበቃዋል። የሸክላ ስባሪ፣ ጥይት ማፍሰሻ ቅርጽና የረጋ እጅ ያለው ሰው ከራት በኋላ ለነገ ዘመቻ የሚሆነውን አረር አዘጋጅቶ ሊተኛ ይችላል። እርሳስ ሲጠፋ ደግሞ ቀጥቃጩ ብረት እየቀጠቀጠ ጥይት ያደርገው ነበር፤ ይህ ግን የጠመንጃውን ውስጥ እየፋቀ ያበላሸዋል።

ንጹሕ እርሳስ ሲፈስ አንድ ጠባይ አለው። በቅጠል ላይ እንዳለ የጤዛ ጠብታ ወደ ራሱ ይሰበሰባል እንጂ ወደ ቅርጹ ጥጋጥግ ፈጥኖ አይገባም። በዚህም ምክንያት ጥይቱ የተሸበሸበና ጠርዙ የጐደለ ሆኖ ይወጣል። ጥቂት ቆርቆሮ ሲጨመርበት ይህ የመሰብሰብ ኀይል ይቀንስና ቅልጡ የቅርጹን ስንጥቅ ሁሉ ይሞላል፤ ሲረጋም ከንጹሑ እርሳስ ጠንከር ይላል። ቆርቆሮ ብቻውን በ232 ዲግሪ የሚቀልጥ ነው። የሚያስደንቀው ግን ሁለቱ በሚስማሙበት መጠን፣ ማለትም ቆርቆሮው ከመቶ 60 በጥቂቱ ሲበልጥ፣ ድብልቁ ከሁለቱም በታች በ183 ዲግሪ መቅለጡ ነው።

ይህን በዐይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። እኛ በምንኖርባት በአዳማ ከተማ፣ ከጂቡቲ መንገድ የሚመጡት ከባድ መኪናዎች በሚጠገኑበት ሰፈር፣ የድሮውን ዓይነት የመዳብ ራዲያተር የሚደፍን ሠራተኛ ይገኛል። በእጁ የያዘው ለስላሳ ዘንግ የእርሳስና የቆርቆሮ ድብልቅ ነው። እሳቱን ሲያስጠጋው ዘንጉ ወዲያው እንደ ውሃ ሆኖ ወደ ቀዳዳው ይሰርጋል፤ መዳቡም አንዳች አይሆንም። በሞጆም፣ በመተሐራም፣ በአዋሽም በየጋራዡ እንዲሁ ነው። ሠራተኛው የመጽሐፉን ቍጥር ባይጠቅስም ብዙ ጊዜ ከመጽሐፉ ይልቅ እጁን ማመን ይሻላል። (አንድ ነገር ብቻ ጣልቃ እናስገባ። የእርሳስ ጢስና ትቢያ መርዝ መሆኑ፣ ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ የሚጐዳ መሆኑ ዛሬ የተረጋገጠ ነው። ስለዚህ የጥንቱን ሰው ምድጃ ብናደንቅም ሕፃናት ባሉበት ቤት እርሳስ ማቅለጥ የሚደነቅ ሥራ አይደለም።)

እንግዲህ ጥይት የቤት ሥራ ነበረ። መድፍ ግን የቤት ሥራ አይደለም፤ የዐፄ ቴዎድሮስ መከራ የጀመረውም ከዚህ ልዩነት ነው። የነሐስ መድፍ በአውሮፓ ልማድ ከመቶ 90 ያህሉ መዳብ፣ ከመቶ 10 ያህሉ ቆርቆሮ ነው። መዳብ የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ነው፤ ቆርቆሮው ሲገባበት ወደ 1,000 ይወርዳል። ይህም ቢሆን የቤት ምድጃ የሚደርስበት ሙቀት አይደለም። በዚያ ላይ የሚቀልጠው በእፍኝ ሳይሆን በኩንታል ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀልጦ በአንድ ጊዜ መፍሰስ አለበት። ቆርቆሮው ካነሰ ነሐሱ ለስላሳ ይሆናል። ከበዛ ደግሞ እንደ ደወል ያለ ይሆናል፤ ደወል ከመቶ 20 በላይ ቆርቆሮ ስላለበት ድምፁ ያማረ ነው፤ ሲመታ ግን ይሰነጠቃል። ከየስፍራው የተሰበሰበ የናስ ዕቃ፣ ሰታቴና ስብርባሪ በአንድ እቶን ሲከተት በውስጡ ምን ያህል ቆርቆሮ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ንጉሠ ነገሥቱ ይህን የሚያውቅ ሰው ፈለጉ። በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ የላካቸው ወጣቶች ነበሩ። በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የሠለጠኑ ሲሆኑ፣ የመጡት ወንጌል ለማስተማር ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው የእጅ ሥራም ተምረው ነበር። ከነዚህ ውስጥ ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኋላም በ1851 ዓ.ም. የደረሱት ዋልድማየርና ሳልሙለር ስማቸው የታወቀ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በተባለው ስፍራ አሰፈሩአቸው። ከፖላንድ ከክራኮው የመጣው ሞሪትስ ሆል እና ቡርጎ የተባለው ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪም ከነሱ ጋር ተጨመሩ።

መጀመሪያ የታዘዙት መንገድ እንዲሠሩ ነበረ፤ ደብረ ታቦርን ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከመቅደላ ጋር የሚያገናኝ መንገድ ተጀመረ። ቀጥሎ የመድፍ ትእዛዝ መጣ። ሰዎቹ እኛ ይህን አንችልም፣ አልተማርነውም ብለው ነበር፤ እውነታቸውንም ነው። የወንጌል መምህርና የእንጨት ሠራተኛ መድፍ አፍስስ ሲባል ምን ይመልሳል? ንጉሠ ነገሥቱ ግን ምክንያቱን አልተቀበሉም። የመጀመሪያው እቶን ሲነድ ከመዳቡ ይልቅ የእቶኑ ጭቃ ቀለጠ። እሳት የሚችል አፈር እስኪገኝ ድረስ ደጋግመው ሞከሩ፤ በመጨረሻም ነሐሱ ፈሰሰ፤ ሞርታሩም ከቅርጹ ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱም እጅግ ደስ አላቸው፤ ሠሪዎቹንም ሸለሙ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር ልናሳስብ እንወዳለን። በዚያ ዘመን ብረት የሚቀጠቅጥና ማዕድን የሚያቀልጥ ሰው በአገራችን ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ አልፎም ቡዳ እየተባለ ይናቅ ነበር። በእጁ የሠራውን ማረሻ ገበሬው ያርስበታል፤ ያሾለውን ጦር መኰንኑ ይዘምትበታል፤ ሆኖም ከሱ ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርቡም። እንዲህ ባለ አገር ላይ ንጉሠ ነገሥት የሆነ ሰው በማቅለጫው አጠገብ ውሎ፣ የኢትዮጵያ ወጣቶች ከጋፋት ሰዎች እጅ ሥራ እንዲማሩ ማዘዙ፣ መንገድ ሲሠራም ራሱ ድንጋይ መሸከሙ ቀላል ነገር አልነበረም። ሠራተኛ እንዳይሰደብ የሚከለክለው የዐፄ ምኒልክ ዐዋጅ የወጣው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከጋፋት በኋላ 40 ዓመት ያህል ቈይቶ ማለት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ይዘን የተቀመጥን ወጣቶች ንቀቱ ጨርሶ ጠፍቶአል ለማለት የምንደፍር አይመስለንም።

ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉት መድፉን ብቻ ሳይሆን ጥበቡን ጭምር ነበረ ማለታችን ስለዚህ ነው። መድፍ መግዛት ይቻል ነበር፤ እሳቸው ግን የሚገዛ መድፍ ባለቤቱ በር የዘጋ ቀን እንደሚያልቅ ዐውቀዋል። ምጽዋ በቱርኮችና በግብፆች እጅ ስለ ነበረች በሩን የሚዘጋው ማን እንደ ሆነ መገመት አያስቸግራቸውም ነበር። በጥቅምት ወር 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታሪክ ሁሉ ይናገረዋል። ቆንሲሉ ካሜሮንና ሌሎች አውሮፓውያን በ1856 ዓ.ም. ታሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ሚስተር ፍላድን የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችና መሣሪያ እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ላኩት።

የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኞቹን በእርግጥ ቀጠረ፤ መሣሪያውም ተገዛ፤ ሰዎቹም ምጽዋ ድረስ መጡ። ሆኖም እስረኞቹ ካልተለቀቁ ወደ ደጋ አይወጡም ተባለ። ንጉሠ ነገሥቱም ሠራተኞቹ ሳይመጡ እስረኞቹን አልለቅም አሉ። ጥበቡ ከባሕሩ ዳር ቆሞ ዋለ፤ ኋላም ወደ መጣበት ተመለሰ። ከዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ውስጥ እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ገጽ ይህ ነው፤ ከመቅደላውም ይልቅ። ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። በእስረኛ ጥበብ መለወጥ ክፉ ንግድ ነው፤ የንጉሥ ደብዳቤን ያለ መልስ መተውም እንዲሁ ክፉ ነው።

በዚህ መካከል አገር ከእጃቸው እየወጣ ነበረ። ሸዋ፣ ላስታ፣ ትግሬ፣ ጎጃም ሸፈቱ። የቀረው ጦር ደመወዝም ቀለብም ስላልነበረው ገበሬውን በላው። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፣ ተቃጠለችም፤ አብያተ ክርስቲያናቱም አልተረፉም። በጌምድርም ከቅጣቱ የተነሣ ባዶ ሆነ። የጋፋት እቶን ሲነድ ከሰሉን የተሸከመው፣ መዳቡን የሰጠው፣ በሬውን የተነጠቀው ይህ ሕዝብ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱን ስናደንቅ ይህን መዝለል አይገባንም።

የጋፋት ሠራተኞች ያፈሰሱት ትልቁ ሞርታር በዚያው ወራት ተፈጸመ። ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል፣ ማለትም ወደ 70 ኩንታል ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ ከሩሲያ ጋር በተዋጉበት በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ በከበባ በታወቀው ከተማ ስም ሴባስቶፖል ተባለ። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖልን በመንኰራኵር ጭነው ወደ መቅደላ ጕዞ ጀመሩ። በመቶ የሚቈጠር ሰው በጠፍር ይስበው ነበር። መንገድ በሌለበት መንገድ እየተጠረበ በጋይንት፣ በጨጨሆ፣ በዋድላ ደጋ ታለፈ። የጂዳን ገደል መውረድና መውጣት፣ ከደላንታ ወዲያም የበሽሎን ገደል መውረድና መውጣት ነበረ። አንዳንድ ቀን የተጓዙት ርቀት ከሁለትና ከሦስት ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ሆነው ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው፤ ጕዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

በዚሁ ጊዜ ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ጦር ይዞ ከዙላ ወደብ ተነሥቶ ይመጣ ነበር። ዋድላ ሲደርስ የጂዳን ገደል የሚወርድ የተጠረበ መንገድ አገኘ፤ በዚያው ወረደ። ለሴባስቶፖል የተሠራው መንገድ ለጠላት መድፍና ዝሆን አገለገለ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት ነበረ። በአሮጌ ሜዳ የፊታውራሪ ገብርዬ ጦር ከአምባው ወርዶ ወደ እንግሊዞች ሮጠ። ከፋላ ኮረብታ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መድፎች ተተኰሱ። አረራቸው በጠላት ራስ ላይ እያለፈ ወደቀ፤ ከትልልቆቹም አንዱ ገና ሲተኰስ ፈነዳ። ባሩዱ በዝቶበት ይሁን ነሐሱ ደካማ ሆኖ፣ ፍንዳታው የጋፋትን ድካም ከንጉሠ ነገሥቱ ዐይን ፊት በተነው። ሴባስቶፖል በጠላት ላይ አንድም ጊዜ አልተተኰሰም።

ውጊያውን የቈረጠው ግን መድፍ አልነበረም። ከእንግሊዝ አገር የመጡት ክፍለ ጦሮች የያዙት፣ በኋላ በአገራችን ሰናድር የተባለው የስናይደር ጠመንጃ ነበረ። ይህ ጠመንጃ አዲስ ፍጥረት እንኳ አይደለም። በአፉ ይጐርስ የነበረውን አሮጌ ኤንፊልድ ቂጡን ቈርጠው በኋላው እንዲጐርስ አደረጉት፤ ጥይቱን፣ ባሩዱንና ማቀጣጠያውን በአንድ ቀለህ ውስጥ ከተቱት፤ በቃ። አንድ ሰው በደቂቃ ዐሥር ጊዜ ያህል መተኰስ ቻለ። የኛ ባለ ነፍጥ አንዱን አረር በዘንግ ጠቅጥቆ ሳይጨርስ ይሞት ነበር። ከኢትዮጵያ ወገን ወደ 700 ሰው ሞተ፤ ገብርዬም ወደቁ። ከእንግሊዝ ወገን የቈሰሉት 20 ያህል፣ ከነሱም የሞቱት ሁለት ነበሩ።

የስናይደር ጥይት ራሱ ንጹሕ እርሳስ ነበረ፤ በምድጃ ዳር ከሚፈሰው የኛ አረር በማዕድኑ የሚለይ አልነበረም። እንግሊዞች ከሦስት ዓመት በኋላ ማርቲኒ የተባለውን ጠመንጃ ሲያወጡ ለ12 እጅ እርሳስ አንድ እጅ ቆርቆሮ ጨመሩበት፤ ምክንያቱም የባሩዱ ኀይል ሲበረታ ለስላሳው እርሳስ ቅርጹን መጠበቅ አቃተው። እንግዲህ ብልጫው የተገኘው ከትልቁ ቅልጥ ሳይሆን ከቀለሁ፣ ከልኩ፣ አንዱ ጥይት ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ከመሆኑ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጥበቡ ከአገር ውስጥ እንዲገኝ መፈለጋቸው ትክክል ነበረ እንላለን። የመረጡት ነገር ግን ክብደት ነበረ፤ በዚያው ዓመት ዓለም ክብደትን እየተወ ነበረ። ከ28 ዓመት በኋላ ወደ ዐድዋ የዘመተው ጦር በብዛት የያዘው በቀለህ የሚተኰሰውን ጠመንጃ ሲሆን፣ እሱም በገንዘብ የተገዛና በስጦታ የተገኘ እንጂ በአገር የተሠራ አልነበረም።

ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ እንግሊዞች አምባውን ሲሰብሩ ንጉሠ ነገሥቱ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። በዚያች ሽጉጥ ውስጥ የነበረው አረር ከእፍኝ እርሳስ የማይሞላ ነበረ።

እንግሊዞች በአምባው ላይ ያገኙአቸውን ከ30 በላይ መድፎችና ሞርታሮች በባሩድ ሰባበሩ፤ አምባውንም አቃጠሉ። ሴባስቶፖል ግን እዚያው ቀረ፤ ዛሬም በመቅደላ አለ። አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞአል፤ አደባባዩ የሚገኝበት ጐዳና ቸርችል መባሉን ያየ ሰው ፈገግ ሳይል አያልፍም። ጋፋት የሚለውም ስም በኋላ ዘመን ለአንድ የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ተሰጠ።

የጋፋት ሰዎች ከናፒየር ጦር ጋር ከአገር ወጡ። ዋልድማየር ከባለቤቱ ጋር፣ ማለትም ለንጉሠ ነገሥቱ ሲከላከል ከሞተው ከእንግሊዛዊው ጆን ቤል ልጅ ጋር፣ ወደ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት፣ ኋላም በቤይሩት አጠገብ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ሞሪትስ ሆል በያፋ ተቀመጠ። ሚስቱ ካታሪና የጀርመናዊው ሠዓሊ የኤድዋርድ ዛንደርና የኢትዮጵያዊት ልጅ ነበረች። በዚያው በመቅደላው ዓመት ሴት ልጅ ወለደች፤ በኋላ የታዋቂው ተዋናይ የፒተር ኡስቲኖቭ አያት የሆነችው እሷ ናት። ስሟንም ማግዳሌና አሉአት።